ትምባሆ በማርማላታ ጠርሙስ

ልጅ ሳለሁ የተረት ርዝመት የሚለካው በትምባሆ ነበር። አያቴ ፒፓቸውን ለኩሰው እስኪጠፋ ድረስ ያወሩልኛል፤ ሲጠፋ ተረቱም ያበቃል፤ ካላለቀ ለነገ ያድራል። ቤታችን ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነበር፣ የጣውላው ወለል ድመት ሲሄድበት እንኳ የሚንቋቋ። አባባ የምላቸው እኚህ አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፒፓውንም የለመዱት በወጣትነታቸው ሙያውን ካስተማሯቸው ሽማግሌ አርመን ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ሲያዩ ባቡሩ ተነሣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ ማለት ነው እየተባባሉ ያልፋሉ። አባባ ይሰማሉ፤ አይቆጡም።

ትምባሆው እንደ ሲጋራ የተከተፈ አልነበረም። ቅጠሉ ተደራርቦና ታምቆ እንደ ጡብ ከጠነከረ በኋላ በስሱ ተቆርጦ፣ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድሮ የሚመጣ ነው። የሚልከው በመርከብ ላይ ይሠራ የነበረው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበር። አባባ አንዷን ቁራጭ በሰዓት ወረንጧቸው ብድግ ያደርጉና የስኒ ማስቀመጫ ላይ አጋድመው መስኮቱ ሥር ያኖሯታል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው አገኛታለሁ። እርጥብ እንደሆነች ከተለኮሰች ምላስ ትልጣለች፣ ከመጠን በላይ ከደረቀች ደግሞ እንደ ገለባ ቦግ ብላ ታልቃለች። ሲያጥፏት ካልተሰበረችና ከጣታቸው ካልተጣበቀች ደርሳለች ማለት ነው። ያኔ ሁለት ጊዜ አጥፈው በመዳፋቸው መሐል አሸት ያደርጓትና ታቹን ላላ፣ ላዩን ጠበቅ አድርገው ፒፓውን ይሞላሉ። መጀመሪያ ሲለኩሱት ትምባሆው አብጦ ይነሣል፤ በምስማር ራስ ጫን አድርገው እንደገና ይለኩሱታል። ተረት የሚጀመረው በሁለተኛዋ ክብሪት ነው። ፍሙ ሲቀላ ፊታቸው አብሮ ይቀላል፣ ክፍሉም ዘቢብ ዘቢብ ይሸታል፤ እኔም እግራቸው ሥር ተኮራምቼ እሳቱ እንዳይጠፋ በልቤ እለምናለሁ።

ከሁሉ የምወደው የፍሙን ማሰሮ ተረት ነበር። ክብሪት ባልነበረበት ዘመን አንድ መንደር አንዲት የፍም ማሰሮ ነበረችው፤ እያንዳንዱ ቤት በየተራው ያሳድራታል። አንዱ ሰው በተራው ቀን እንቅልፍ ጣለውና ፍሙ ጠፋበት። ጎህ ሲቀድ ማሰሮዋን እንደተከደነች ለባለተራው ጎረቤቱ አስረከበ። ጎረቤቱ በሰው ፊት ሲከፍታት አመድ ብቻ ሆነች፤ መንደሩም እሱን አባረረው። ፍሙን ያጠፋው ሰው ግን ከዚያ ወዲያ የሞቀው እሳት የለም። ተረቱ ባለቀ ቁጥር ሰውዬው ለምን እውነቱን እንዳልተናገረ እጠይቃለሁ።

«ነገ እናገራለሁ እያለ ነዋ፣ የኔ ልጅ» ይሉኛል አባባ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የአጎቴ ደብዳቤ ተቋረጠ። ይሙት ይኑር የሚነግረን አልተገኘም፤ በእጃችን የቀረው መጨረሻ የላከው ቆርቆሮ ብቻ ነበር። አባባ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያነሡ ክዳኑ ላስቲክ ባለው የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ደረደሯቸውና ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ጨለማው ጋ አስቀመጡት። አየር ካልገባው ዓመታት ይቆያል፤ ውኃ ከነካው ግን በሳምንት ይሻግታል ብለውኛል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ምን ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚያጤሱት እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ። ጠርሙሱን ሲከፍቱ መጀመሪያ አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸቱታል፣ ልጃቸው ከሩቅ አገር የመጣ ይመስል።

የአባባ ሳል የበረታው በዚያው ወራት ነው። እናቴ ቆራቢ ነች፤ አባቷ ሳይቆርቡ እንዳይሞቱባት ነበር ጭንቀቷ። የንስሐ አባታችን ትምባሆውን ሳይተዉ እንደማያቆርቧቸው ቁርጡን ነገሯት። እሷም አባባን ለምና ለምና ሲያቅታት፣ አንድ ቀን ሽንት ቤት እጨምረዋለሁ ብላ ስትዝት ሰማኋት። ሁለቱንም እወድ ነበር፤ አባባ ገሃነም እንዳይገቡ፣ የአጎቴም ትምባሆ እንዳይጣል ፈለግኩ። ለዚህ ያገኘሁት መላ የልጅ መላ ነበር። ጠበል የነካውን ሰይጣን አይቀርበውም ተብለን የለም? እናቴ ገበያ በሄደችበት አንድ ቅዳሜ ጠርሙሱን አወጣሁ፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ብዬ ከእናቴ ጠበል ሦስት ማንኪያ ጨመርኩበት። ክዳኑንም አባባ እንዳስተማሩኝ አጥብቄ ዘጋሁት።

አባባ በማግስቱ ትኩሳት ይዟቸው ሁለት እሑድ ተኝተው አሳለፉ። በሦስተኛው ተነሡና ጠርሙሱን ራሳቸው ከፈቱት። ወረንጧቸውን ሲሰዱ ቁራጮቹ ተጣብቀው አብረው ወጡ፤ ነጭና አረንጓዴ ጠጉር አብቅለው ነበር። ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ያልሽውን አደረግሽው» አሏት።

እናቴ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች፣ አቀረቀረች። አልካደችም። እኔም በልቤ ነገ እናገራለሁ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ምግብ የሚቀበሉት ከእኔ እጅ ብቻ ሆነ፤ እናቴን ያቺ ሴት እያሉ ይጠሯት ነበር። ባዶውን ፒፓ አፋቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ተረት ግን አልተመለሰም። የንስሐ አባታችን ትምባሆው መቅረቱን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው መጡ። ከመቁረባቸው በፊት ልጃቸውን ይቅር እንዲሏት ሲጠይቋቸው አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያኔም እዚያው በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሞቱ፤ ሳይቆርቡ፣ እናቴንም ሳያናግሯት። በጠበል አድናለሁ ያልኩትን ሰው በገዛ እጄ ከቁርባን አስቀረሁት። ይህን የተረዳሁት አድጌ ነው፤ መናገር ግን አድጌም አቃተኝ።

አምና ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተብሎ ዕቃ ስንሸክፍ፣ ከእናቴ ሣጥን ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። የማርማላታው ጠርሙስ ነበር፣ ታጥቦ፣ ተከድኖ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ እማዬ፣ ጠበሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ አልኳት። ሠላሳ ዓመት ያነቀኝ ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

እናቴ የምታጥፈውን ብርድ ልብስ እንኳ አላስቀመጠችም።

«ጠበሉ ጎድሎ ሳየው ያኔውኑ አውቄ ነበር» አለች። «ልጅ ነሽ፤ እንዲቆጡሽ አልፈለግኩም። ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ። እስከ አርባቸው ድረስ ስትናገሪ እጠብቅሽ ነበር።»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ መተዋን አልነገረችኝም፤ ገባኝ። ብርድ ልብሱን አጥፋ ጨረሰችና ሌላ አነሣች።

ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ልጄ አንዳንድ ማታ የፍሙን ማሰሮ ንገሪኝ ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። አባባ ሲተርቱት፣ የተባረረው ጎረቤት ፍሙን ማን እንዳጠፋው ይወቅ አይወቅ አይነሣም ነበር። እኔ ግን ያውቅ ነበር ብዬ ነው የምነግራት።