ኮማ ስታዪ ነጥብ በዪ

ሒሳቡን በትክክል ሠርታችሁ ወረቀቱ በቀይ ተሰርዞ ተመልሶላችሁ ያውቃል? መደመሩም ማባዛቱም ልክ ሆኖ፣ መልሱ ብቻ ስህተት? ፍራንክፈርት ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ይህ ደጋግሞ ደርሶባታል።

መጀመሪያ ፈተናውን ላስረዳ። በእኛ ክፍለ ግዛት ሬያልሹለ የሚባለው የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሥረኛ ክፍልን ለመጨረስ በጀርመንኛ፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ይፈተናሉ። ጥያቄው ከትምህርት ሚኒስቴሩ ነው የሚመጣው፤ ከተማ ያለውም ገጠር ያለውም በአንድ ቀን ያንኑ ወረቀት ይከፍታል። አስተማሪ አንዲት ቃል መቀየር አይችልም። ውጤቱ ከአንድ እስከ ስድስት ነው፤ አንድ ምርጥ፣ ስድስት የመጨረሻው።

ልጅቷ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። የምትኖረው ዚንድሊንገን በሚባል ሰፈር፣ ከኬሚካል ፋብሪካዎቹ አጠገብ ነው። እዚያ ያለ አንድ ድርጅት በቤተ ሙከራ ሠራተኝነት ሊያሠለጥናት ተስማምቶ ነበር። ይህንን የሥልጠና ቦታ፣ አውስቢልዱንግ የምንለውን፣ የምታገኘው ግን በመጨረሻው ፈተና በሒሳብ ቢያንስ ሦስት ካመጣች ብቻ ነው። በልምምድ ፈተናዎቹ አምስት አመጣች፤ እንደገና አምስት።

ስጠራት ብድግ ብላ «ቲቸር» ትለኛለች። እዚህ ተቀምጦ መመለስ እንደሚቻል ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ አንድ ቀን ተቀምጣ ሞከረችውና መልሱ ጠፋባት። ከዚያ በኋላ ተውኳት።

እናቷን አስጠራኋቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ይሠራሉ፤ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። የጥያቄዎቹ ጽሑፍ ረጅም እንደሆነ፣ ችግሩ ምናልባት ቋንቋው እንደሚሆን በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«መምህርት፣ በጀርመንኛ ወደቀች በይኝ፣ አምንሻለሁ» አሉኝ። «ሒሳቡን ግን ከአገሯ ይዛው ነው የመጣችው።»

በማግስቱ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ልጅቷን አጠገቤ አስቀመጥኳትና ከወደቀችበት ወረቀት አንዱን ጥያቄ በአማርኛ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ስለ ዳቦ ቤት ነበር። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበችልኝ፦ አንዱ ዳቦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ይመዝናል።

«አንድ ዳቦ?» አልኳት።

«እኔም ገርሞኝ ነበር፣ ቲቸር። ግን ጀርመን ነው፤ ምን ይታወቃል ብዬ ተውኩት።»

ሳቄ ሳያልቅ ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። የተጻፈው 1,250 ነው። እሷ በተማረችበት አገር ኮማ ሺሁን ይለያል፤ ነጥብ ደግሞ ሙሉውን ቁጥር ከክፍልፋዩ። እዚህ ግልባጩ ነው፤ ዳቦው አንድ ኪሎ ከሩብ ብቻ ነበር። ሌላ ገጽ ላይ 12.500 ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ተኩል አስገብታ፣ ግማሹን ሰው አጠጋግታ አሥራ ሦስት አድርጋቸዋለች። ማጠጋጋቱ ልክ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ከተማ ስለሆነ ኮማው ዓይኔን ቆርቁሮት አያውቅም።

ይህን ስነግራት ቀዩን ስረዛ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ነጥብ ያጣሁት በነጥብ ነዋ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ በአማርኛ ለውጤቱም ለዚያች ትንሽ ምልክትም ስሙ አንድ ነው። አማርኛው ራሱ መንገዱን አሳየን። 1,25ን በአማርኛ ስናነብ «አንድ ነጥብ ሁለት አምስት» አይደል የምንለው? ስለዚህ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩላት፦ ኮማ ስታዪ ነጥብ በዪ፤ ነጥብ ስታዪ ዝም በዪ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ሁሉ በሹክሹክታ ሳታነብ እርሳሷን ለስሌት አታነሳም።

የፈተናው ቀን ከአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ጋር ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ልጅቷ ወረቀቱን ከፍታ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ባልደረባዬ አጠገቧ ሄዶ ቆመ፤ ድምፅ የለም፣ ከንፈሯ ግን አያርፍም። እኔ ከወንበሬ መነሳት አልደፈርኩም። ተመልሶ መጣና ትጸልያለች እንዴ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

«ቁጥር እያነበበች ነው» አልኩት።

«በየትኛው ቋንቋ?»

«በሚያሳልፋት።»

ትከሻውን ነቅንቆ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ወረቀቶቹን የምናርመው እኛው ነን፣ ከሚኒስቴሩ በሚመጣው መልስ መሠረት። የእሷን ስገልጥ በየኮማው አናት ላይ በእርሳስ «ነጥብ»፣ በየነጥቡ አናት ላይ «ዝም» የሚል ደቃቅ ፊደል አየሁ። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ቁመት 1,800 ሜትር ተብሏል፤ እሷ አንድ ሜትር ከሰማንያ ብላ በትክክል ሞልታዋለች። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ቀዩ እስክሪብቶ ሥራ አጣ። ሁለተኛው አራሚ ያው ባልደረባዬ ነበር፤ የገረሙትን ፊደላት ትርጉም ጠይቆኝ ሳስረዳው፣ ከሥር ፈርሞ ለሌሎቹም አስተማሪዎች እንድነግራቸው አሳሰበኝ።

ሁለት አመጣች! ውጤቱን ስነግራት እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ ክፍሉም ተከትሏት ተነሳና አጨበጨበ። ኮሪደሩ ላይ እናቷ ጋ ደወለች። ከስልኩ እልልታ ሲሰማ በየክፍሉ በር ተከፈተ። በቀጣዩ ሳምንት የሥልጠና ውሏን ፈረመች።

እስኪ እናንተም ሞክሩት። ልጃችሁ በሒሳብ የተሰረዘ ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ለምን ተሳሳትክ ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና ጥያቄውን፣ ቁጥሩን ሳይዘል፣ ጮክ ብሎ በአማርኛ ያንብብላችሁ። በጀርመንኛ ይሻለኛል ቢላችሁ እሺ አትበሉት፤ ዳቦው ስንት ኪሎ እንደሆነ ከአፉ ስሙት።