ወናፍ ያለው ካሜራ

ካሜራውን የገዛሁት ከፍርሃት የተነሣ ነው። ሌላው ሰው ሲፈራ ይጸልያል ወይ ሲጋራ ያጨሳል፤ እኔ ዕቃ እገዛለሁ። ያን ዕለት ጠዋት የእናቴ ሐኪም ደውሎልኝ ነበር። የሳንባዋ ምርመራ ደስ አይልም፣ እርግጠኛው ውጤት በሚቀጥለው ማክሰኞ ይደርሳል፣ አንተም አብረሃት ና አለኝ።

ለእሷ አልነገርኳትም። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሲነጋጋ ነው የሚነገረው። በዚያ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ በየክሊኒኩ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሐኪሙ በዕብራይስጥ «ያሳስበኛል» ሲል፣ እኔ በአማርኛ «ትንሽ ዕረፊ ብሎሻል» እላለሁ። ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው።

እዚህ እስራኤል፣ ከኔታንያ ከተማ ገበያ ጀርባ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ አሮጌ ዕቃ አንጥፎ ይሸጣል። ከዕቃው መካከል ጠፍጣፋ ጥቁር ነገር አነሣሁ። ሽማግሌው አንድ ቁልፍ ሲጫን የዕቃው ፊት ተከፈተና ሌንሱ በተጣጠፈ ቆዳ ጫፍ ላይ ብቅ አለ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሱ ሳቀ። በአንድ ጥቅል ፊልም ስምንት ፎቶ ብቻ ያነሣል፤ ከኋላው ባለች ቀይ መስኮት ቁጥሩን እያዩ በእጅ ማጠንጠን ነው። ስልኬ ውስጥ የእናቴ ፎቶ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ሰርግ ላይ ስትበላ፣ ወይም «ተወኝ!» ብላ እጇን ስትዘረጋ ነው። ተቀምጣ የተነሣችው አንድ ደህና ፎቶ የለኝም። አሁን ለምን እንደፈለግሁት ለራሴም አልነገርኩትም።

ኪርያት ኖርዳው ሰፈር፣ እሷ ቤት ሄድኩ። ነጭ ቀሚስሽን ልበሽና መስኮቱ ጋ ተቀመጪ አልኳት። ለበሰችና ተቀመጠች። ርቀቱን በእርምጃ ለካሁ።

«ይኸ ለድንኳኑ ነው?» አለችኝ።

እዚህ ሰው ሲሞት ከሕንፃው በታች ድንኳን ይተከልና በጠረጴዛ ላይ ትልቅ ፎቶው ይቆማል። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ነጭ ቀሚስ የለበሱበት ነው የሚመረጠው። እኔ ሞኙ ይህን አላሰብኩም።

«የምን ድንኳን? አዲስ ካሜራ ልሞክር ብዬ ነው።»

«ሮፌው ምን አለህ?» አለችኝ፣ ሐኪሙን በዕብራይስጥ ጠርታ።

«በሴደር ነው እማዬ። ሁሉም ደህና ነው።»

ተነሥታ ካሜራውን ከእጄ ወሰደች። አባቷ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ በልጅነቷ ወናፉን የምታናፋለት እሷ ነበረች። ጣቷን በቆዳው እጥፋት ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈችና ጥጉ ላይ አቆመች።

«ይኸስ ወናፍ ነው። እዚህ ጋ ተበስቷል» አለች። «ወናፍ ሲበሳ አባቴን አንዋሸውም ነበር፤ እሳቱ ያሳብቃል። በል ተቀመጥ፣ እኔ ላንሣህ።»

እሷ በተነሣችበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የትኛውን እንደምትጫን አሳየኋት። ቀጭ አለ። ከዚያ ቀሚሷን ቀይራ ወደ ጓዳዋ ገባች፤ እሷን ሳላነሣት ወጣሁ።

የቀሩትን ሰባት በባሕሩና በሕንፃዎቹ ጨረስኳቸው። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ በቀዳዳው የገባው ብርሃን በሁሉም ላይ ከአንድ ጥግ የሚነሣ ነጭ ጭረት ጥሏል፤ ልክ እሷ እንዳለችው። የእኔ ፊት ግን ጭረቱ ሳይነካው ጥርት ብሎ ወጥቷል። ዓይኔ ፈጧል፣ ከንፈሬ ደርቋል። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለእናቴም አልሆንኩም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን አሮጌ ካሜራ አወጣው።

ሰኞ ፎቶውን ሳሳያት ብዙ አልተመለከተችውም፤ ያን ፊት ቀድሞም ታውቀዋለች።

«ይኸን ፊት ይዘህ ነው በሴደር የምትለኝ? ነገ አንዲት ቃል እንዳታስቀር።»

ከዚያ ከአሮጌ ጫማዋ ምላስ ላይ ቁራጭ ቆረጠችና የካሜራውን ቀዳዳ በሙጫ ደፈነችው።

ማክሰኞ ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ «ትንሽ ዕረፊ» የሚለው አፌ ላይ መጣ። ቀና ስል እናቴ ሐኪሙን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው።

«እማዬ፣ ካንሰር ነው» አልኳት። «ሕክምና አለው ይላል። እንደምትድኚ ግን ቃል አልገባም።»

«ሌላ የቀረ አለ?»

«የለም።»

«ደግ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

ቤት እንደገባን ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ ወንበሩን ራሷ ወደ መስኮቱ ጎተተች።

«በል አንሣኝ። ለድንኳንም ቢሆን ይሁን። ያን ጊዜ የተቆጣሁት ስለዋሸኸኝ ነው።»

አዲስ ፊልም አገባሁ። ርቀቱን በእርምጃ ልለካ ተነሣሁና እንባዬ ቀይዋን መስኮት ጋረዳት፤ ቁጥሩ አልታይ አለኝ። ደጋግሜ ጠረግኋት።

«አትቸኩል» አለችኝ እናቴ፣ ቀሚሷን እያስተካከለች። «ገና አልሄድኩም።»