የወንድሜ ወረቀትና አዲሱ ጥይት

ታላቅ ወንድሜ አብነት ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የብረት ሥራ ቤት ጀርባ፣ በአየር ጠመንጃ ዒላማ ያስተኩስ ነበር። ትልቅ ሥራ አይደለም። ጣውላ ላይ የለስላሳ ቆርኪ በረድፍ በሚስማር ይመታል። ሰው አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ይቆምና ሦስት ጥይት ይተኩሳል። ሦስት ቆርኪ ከመታ ሦስት ጥይት ይጨመርለታል። የታክሲ ረዳቶች፣ የጋራዥ ልጆች፣ ልደታ ማርያምን ተሳልመው የሚመለሱ ጎረምሶች ይመጡ ነበር።

ይህ ሥራ ይታማል። ሰው እንዳይመታ ማነጣጠሪያውን ሆን ብሎ የሚያጣምም አለ። ወንድሜ ሐሜቱን ስለሚያውቅ አንድ ልማድ ነበረው። ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ጠመንጃውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ ያስደግፍና ከደብተር በቀደደው ወረቀት ላይ አምስት ጥይት ይተኩሳል። ወረቀቱን ከጣውላው ጎን ይሰቅለዋል። አምስቱ ቀዳዳዎች መሃል ላይ ተጠጋግተው ይታያሉ። የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ከዚያ ታመመ። ጉበት ነው አሉ። ሦስት ሳምንት ብቻ። ስለ ሦስቱ ሳምንት ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለ ጠመንጃው ልጻፍ።

አርባው እንደወጣ እናቴ ጠመንጃውን ከአልጋ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። "ዝጎ ከሚቀር ያዘው" አለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ያዝኩት። የብረት ሥራ ቤቱ ዘበኛ ጣውላውንና የመጨረሻውን ወረቀት ከዝናብ አስገብተው አስቀምጠውልን ነበር። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ይላቸዋል።

የወንድሜን ወረቀት መልሼ ሰቀልኩት። በየጠዋቱ የራሴን መተኮስ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ብተኩስና ባይስተካከል ማነጣጠሪያው ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ማዞር ሊኖርብኝ ነው። ብሎኖቹን መጨረሻ የነካቸው እሱ ነው። ልብሱን ለዘመድ ሰጥተናል፣ አልጋው ላይ እኔ ተኝቻለሁ። እሱ እንዳደረገው የቀረ ሌላ ነገር አልነበረም።

የጥይቱ ቆርቆሮ ሥር ሦስት ፍሬ ብቻ ቀርተው ነበር። እነሱን በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና መርካቶ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ውፍረቱ አንድ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ልክ ይገባል። የወንድሜ ጥይት ጫፉ ክብ ነበር፤ አዲሱ ሹል ነው፣ ትንሽም ይከብዳል። ጥይት ጥይት ነው ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሰዎች ሳቱ፤ ጥቁር ልብሴን አይተው ዝም አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት ዝምታው አለቀ። አንድ የታክሲ ረዳት ነበር፣ የወንድሜ ደንበኛ፤ ስድስት ጥይት ተኩሶ ስድስቱንም ሳተ።

"ቆርኪውን እያየሁ ጣውላ እመታለሁ እንዴ? ጀለሴ፣ ይሄ ነገር ተጣሟል።"

ጓደኛው ሳቀበት። "የጠመንጃ ያዥ ልጅ ነኝ ሲለን ኖሮ ጠመንጃ መያዝ አቃተው በሉልኝ!"

"ወረቀቱን እየው" አልኩት፤ በጣቴ አሳየሁት።

ረዳቱ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ ቆርኪዎቹን። "እንግዲያው ወንድምህም በዚህ ወረቀት ሲሸውደን ነበር ማለት ነው" አለ። "ነፍሱን ይማረውና።"

በሕይወቱ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ወረቀቱን ሰቅዬ እኔ ነኝ ያስባልኩት።

ያን ቀን ግን አልገባኝም። በማግስቱ የሠራሁትን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። ብሎኑን ላለመንካት ብዬ፣ የመጣውን ሁሉ "ከቆርኪው ከፍ አድርገህ፣ ሁለት ጣት ወደ ግራ አነጣጥር" እል ጀመር።

"ጎረቤቱን አይተን ባለቤቱን እንምታ?" አለኝ አንዱ የጋራዥ ልጅ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ረዳቱም ታክሲው ተራ እስኪደርሰው እዚያው ቆሞ ነበር። አባባ ሳቁን ሰምተው ከበሩ መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ምን እያልክ ነው?"

"አባባ፣ ጠመንጃው ትንሽ ዝቅ እያለ ወደ ቀኝ ይመታል።"

"ጠመንጃው? ጥይት ቀይረሃል?"

ቆርቆሮውን አሳየኋቸው። አንዷን ፍሬ መዳፋቸው ላይ አንከባለሏት።

"ይቺ ከባድ ናት። ከባዱ ቀስ ይላል፣ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ይመታል። በርሜልም ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል፣ እንደየጥይቱ ነው፤ ወደ ጎን የሚወስደው እሱ ነው። እኛ ሠራዊት ውስጥ ሳለን ሌላ ዓይነት ጥይት ሲመጣ ሳንሞክር አንወጣም ነበር። ጠመንጃ የሚስተካከለው ለአንድ ጥይት ነው፣ ልጄ፤ ለሁሉም አይደለም። የድሮው ቀርቶሃል?"

"አልቀረም" አልኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

"ይመቸዋላ!" አለ ረዳቱ። "እውነቱን የሚያጣራ ጥይት የለም።"

አየሁት። ካሁን በኋላ በየታክሲው የሚያወራው ይህንን ነው ብዬ አሰብኩ። "ቀርቷል" አልኩ። "ሦስት።"

አባባ ከረጢቱን አስመጡና በአዲሱ ጥይት ወረቀት ላይ አምስት አስተኮሱኝ። አምስቱ ቀዳዳዎች እርስ በርስ ሊነካኩ ደርሰዋል፤ ግን ሁሉም ሁለት ጣት ዝቅ ብለው ወደ ቀኝ ነበሩ። "አየህ፣ አልተበተነም" አሉኝ። "እጅህም ጠመንጃውም ደህና ነው። ቦታው ነው የተዛወረው። አሁን በዚያኛው።"

ከወንድሜ ጥይት አንዱን አጎረስኩ። ተኮስኩ። መሃል። ሁለተኛውን ተኮስኩ፤ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጋር ገጠመ።

"ይበቃል" አሉ አባባ ቀስ ብለው። "አንዷን ለራስህ አስቀምጣት።"

ላስቀምጣት ፈልጌ ነበር። ወደ ኪሴ ልመልሳት ስል ረዳቱን አየሁት። አሁንም የቆመው እጁን አጣምሮ ነው። ጥይቷን አውጥቼ ሰጠሁት።

"አንተ ተኩሳት። ቆርኪውን እየው፣ ሌላ ቦታ አትይ።"

ረጅም ጊዜ አነጣጠረ። ቃታውን ሳበ፤ ቆርኪው ጮኸ። ጠመንጃውን መለሰልኝ።

"ትናንት ያልኩትን..." አለ።

"ተወው" አልኩት።

"አልተወውም። ለዚያ ለጓደኛዬም እነግረዋለሁ።" ታክሲው ጠራውና እየሮጠ ሄደ።

አባባ ጠፍጣፋ መፍቻ ከብረት ቤቱ አመጡልኝ። እሳቸው ሊያዞሩት ይችሉ ነበር፤ ግን መፍቻውን በእጄ አስይዘውኝ ፊታቸውን አዞሩ። የላይኛውን ብሎን አዞርኩ። መጀመሪያ እምቢ አለኝ፣ ከዚያ ለቀቀ። የጎኑን አዞርኩ። ተኮስኩ፣ አየሁ፣ ደግሞ አዞርኩ። እያለቀስኩ ስለነበር ከሚገባው በላይ ብዙ ጥይት ጨረስኩ። በመጨረሻ አምስቱ መሃል ገቡ። የእሱን ያህል የተጠጋጉ አይደሉም። ቢሆንም የራሴን ሰቅዬ የእሱን አወረድኩ። የእሱ ወረቀት ስለ እኔ ጥይት ሊመሰክር አይችልም።

ማታ የእሱን ወረቀት ለእናቴ ሰጠኋት።

"ምንድነው?" አለች።

"ጠመንጃው በእሱ ጊዜ ልክ እንደነበረ የሚያሳይ ነው።"

"እኔ መቼ ጠረጠርኩ?" አለችኝ፤ ተቆጥታ።

ወረቀቱን ግን አልመለሰችልኝም።