ፊቷ ያልተነገረው ልጅ

አሶሳ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ስነሳ እናቴ «ሁለት ዓመት ምን አላት» ብላ ሸኘችኝ፤ ይኸው ዐሥራ አንደኛውን ይዣለሁ። ያኔ ክልሉም እንደኔ አዲስ ነበር። የመሥሪያ ቤቶቹ ቀለም ገና ሳይደርቅ ለሁሉም ነገር ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያ፣ ለቅጥር፣ ለተማሪ ካርድ። ዐዋጢፍን ያወቅኋትም የተማሪዎቼን ጉርድ ፎቶ ላሠራ ሄጄ ነው።

ፎቶ ቤቱ የሀብቱ ነው። ሀብቱ ካሜራውን ይዞ «ቀና በል፣ ፈገግ» ይላል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒውተሩ ላይ ዐዋጢፍ አለች። ከአሶሳ አጠገብ ያለችው የሆሞሻ ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። ለሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና አሶሳ መጥታ እዚያው ቀረች። ሰው የሚያመሰግነው ሀብቱን ነው፤ ድካሙ ግን የእሷ ነው። በላብ የረጠበ ግንባር ታደርቃለች፣ የተጨማደደ ኮሌታ ትተኩሳለች፣ የጨፈነ ሙሽራ ዐይን ታስገልጣለች። አንድ ጊዜ የተኳረፉ ወንድማማቾችን ከየግል ፎቷቸው ወስዳ ትከሻ ለትከሻ አቆመቻቸው። እናታቸው እስከ ዛሬ ታርቀዋል ብለው ያምናሉ፤ እኔም አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ።

በዚህ ሁሉ የተቀየሙት አንድ ሰው ናቸው፤ አባቷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁምዓ የሚባል የሆሞሻ ጎረምሳ መጣና «ከፒክአፕ አጠገብ አቁሙኝ» አለ። ዐዋጢፍ ከመጽሔት ላይ ነጭ ፒክአፕ ወስዳ አጠገቡ አቆመችለት። ክንዱን እንኳ መስኮቱ ላይ ደገፍ አደረገችለት። ጁምዓ በዚያ ፎቶ ሚስት አጨ። ሽማግሌ ሆነው የተላኩት ደግሞ አባባ ኡመር፣ የዐዋጢፍ አባት ናቸው። ቀርከሃ ሰንጥቀው አልጋና ጎተራ የሚሠሩ፣ ቃላቸው የሚታመን ሰው ናቸው። ፎቶውን ከኪሳቸው አውጥተው ለልጅቷ ቤተሰብ «መኪናው ይኸው» አሉ። ከሠርጉ በኋላ ሙሽሪት መኪናው የታለ ብትል፣ ጁምዓ በረት ወስዶ አህያውን አሳያት።

አባባ ኡመር ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሰው ፊት አልወጡም። ፎቶውን ማን እንደሠራው ሲሰሙም ልጃቸውን አልተቆጡም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ሰው «ዐዋጢፍ አሶሳ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው «ትጫወታለች» ይላሉ።

«ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ ዐዋጢፍ አንድ ቀን። «ቲቸር፣ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንዷን ፎቶዬን አይቶ ሥራ ነው ይበል። አንዴ ብቻ።»

«ታዲያ ጨዋ ፎቶ ሥሪላቸዋ» አልኳት። እኔ መምከር አይከብደኝም።

ትንሽ አሰበችና «የእሱን ተረት እሠራዋለሁ» አለች። «ተረት ማንንም አያታልልም። በተረት ሚስት ያገባ ሰው የለም።»

ተረቱ አባባ ኡመር ከራት በኋላ ለልጆቻቸው የሚነግሩት ነው። ወንዝ በደረቀበት ዓመት አንዲት ልጅ ቅሏን ይዛ ውኃ ፍለጋ ትወጣለች። ከሩቅ ለማየት ብላ ቀርከሃ ላይ ስትወጣ ቀርከሃው ያድጋል፣ ያድጋል፣ ደመናው ጋ ይደርሳል። ደመናውን በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ዝናቡ ይወርዳል። ልጅቷም ቅሏ ውስጥ ተቀምጣ ጎርፉ ላይ እየተንሳፈፈች እናቷ ደጅ ትደርሳለች።

ሀብቱ «ፊልም አይበላም፣ ውሰጂው» ብሎ አዲሱን ዲጂታል ካሜራ አዋሳት። ቅሉን ቅዳሜ ገበያ ላይ ዞራ ዞራ ፎቶ አነሳችው፤ ሻጭዋ «ትገዢያለሽ ወይስ ታገቢዋለሽ?» እስክትላት ድረስ። ቀርከሃውን ከሆሞሻ መንገድ ዳር አነሳች። ደመናውን ለማግኘት አራት ቀን ሰማይ እያየች ጠበቀች። ለዝናቡ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በወንፊት ውኃ አፈሰስኩ፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። የተረቷ ልጅ ደግሞ የኔዋ ልጅ ቢታንያ ሆነች። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ግቢያችን ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ቁጭ ብላ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ ፎቶ ተነሳች።

ከዚያ መቁረጥና መቀጠል መጣ። ዐዋጢፍ የሌላውን ሰው ሥራ ስትጨርስ የእሷን ትከፍታለች። ከእፍኝ የማትበልጠውን ቅል ጀልባ አሳከለቻት፤ ሳፋውን አጥፍታ ቢታንያን ቅሉ ውስጥ አስቀመጠቻት። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ሁለቴ የቅሉን ጠርዝ እንደገና ቆረጠች። ሁሉም አለቀ ስል እሷ ገና የቅሉን ጥላ ውኃው ላይ ትሥላለች። «ጥላ የሌለው ነገር ይዋሻል» አለችኝ። ሲያልቅ፣ እውነቴን ነው፣ ዐይኔን መንቀል አቃተኝ። ልጄም ስለሆነች ነው መሰለኝ።

እሑድ በትልቁ አሳትመን፣ በነጠላዬ ጠቅልለን ሆሞሻ ወሰድነው። አባባ ኡመር ማንጎ ጥላ ሥር ቀርከሃ እየሰነጠቁ ነበር። ፎቶውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉና ብዙ አዩት። በጣታቸው ቀርከሃውን ከሥሩ ጀምረው ወደ ላይ ተከተሉት።

«አንጓው ልክ ነው» አሉ፣ እኔም እንድሰማ በሚቸግራቸው አማርኛ። «ከታች አጭር ነው፣ ከላይ ረጅም ነው። ልክ ነው።»

 ቀጥሎ ጣታቸው ቅሉ ላይ ደረሰ።

«ይሄ ልጅ ማነው?»

«የኔ ናት፤ ቢታንያ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ልጅ ቆንጆ ነው። አላህ ያሳድግ።» ፎቶውን በነጠላው መልሰው ጠቀለሉት። «ግን እሱ አይደለም።»

እኔ ተናደድኩ። ስንት ወንፊት ውኃ ያፈሰስኩበት ነው። «ምን ጎደላት?» አልኳቸው።

«አልጎደለም፣ መምህርት። እኔ ይሄን ተረት ስንናገር የልጁን ፊት አንናገርም። አባቴም አልተናገረም። ሰባት ልጅ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ሰባት ልጅ ቀርከሃ ላይ ይወጣል። አሁን ቢታንያ ብቻ ወጣ። ሌላው ልጅ የት ይሄዳል?»

ዐዋጢፍ እጇን አፏ ላይ ጫነች።  ስንመለስ መኪና ውስጥ «አውቅ ነበር እኮ» አለች። «እኔና እህቶቼ ‹እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ› እያልን የምንጣላበት ተረት ነው። ግን ፎቶ ቤት ስድስት ዓመት ስትቀመጪ ምንም ነገር ስትጀምሪ መጀመሪያ የምትፈልጊው ፊት ነው። ሳላስበው ፊት ፈለግሁ።»

ሰኞ የቢታንያን ፊት ቆርጣ አወጣችው። ልጄ ስትጠፋ ቆሜ ማየት አልወደድኩም፤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ስመለስ ቅሉ፣ ሁለት ትናንሽ እጆችና ፊት የሌለው ባዶ ቦታ ብቻ ቀርተዋል። ሀብቱ «በቃ ተበላሸ» አለ።

ነገሩን ያቃናችው የቢታንያ ጓደኛ ሐሴት ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ ብላ ኮምፒውተሩን አየችና «እኔንም አስገቢኝ» አለች። ዐዋጢፍ አንስታ አስገባቻት። በማግሥቱ የሐሴት ወንድም መጣ፤ በሳምንቱ ከባምባሲ አንድ አባት ሦስት ልጆቹን በአንድ ሞተር ጭኖ መጣ። የበርታው፣ የሰፋሪው፣ የሠራተኛው ልጅ ሁሉ በየተራው ያቺ ቅል ውስጥ ገባ። ሀብቱም ሐሳቡ የእሱ የነበረ ይመስል ግድግዳውን በናሙና ሞላው። ቢታንያም ቦታዋን አግኝታለች፤ ከበሩ በስተቀኝ ሁለተኛዋ ናት።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ቅዳሜ አባባ ኡመር ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ገበያ በመጡ ቁጥር በደጁ ያልፋሉ እንጂ ገብተው አያውቁም። እኔ ከሀብቱ ጋር ስለ ተማሪዎቼ ጉርድ ፎቶ እየተከራከርኩ ነበር፤ ክርክሩን ትተን መንገድ ለቀቅንላቸው። እሳቸው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ።

«ሁሉ ወጣ» አሉ።

ከዚያ ደንበኛ ፎቶ ሲነሳ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ዐዋጢፍ ፊት የሌለውን ባዶውን ፎቶ ከፍታ በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ረጋ ብለው መለሱ። የተባባሉትን በኋላ ነው የነገረችኝ። «ለአንተ የማንን ፊት ላስገባልህ?» ብላቸው ነበር። እሳቸውም «ለሰው አልናገርም እንጂ እኔስ አያታለሁ። ያንቺ ፊት ነው። ሰባት ዓመትሽ፤ የፊት ጥርስሽ ወልቋል፣ ቅንድብሽ ላይ ከማንጎ ዛፍ የወደቅሽበት ጠባሳ አለ» አሏት።

 የከተማውን ልጅ ሁሉ ያስገባች ሰው፣ የራሷ የልጅነት ፎቶ አንድም የላትም። የመጀመሪያ ፎቶዋ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትፈተን የተነሳችው ጉርድ ነው። ያኔ ጥርሷ በቅሏል፣ ጠባሳዋም ደብዝዟል። ያንኑ ጉርድ አውጥታ ከፈተችው። ጉንጩን ልትሞላ፣ ጥርሱን ልታወልቅ ጀመረች። ትችልበታለች። ግን መሀል ላይ ቆመችና በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ፣ «ይሄ የጁምዓ መኪና ነው» አለች።

አባባ ኡመር ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ዱካው ተንቀጠቀጠ። «ባዶውን ስጪኝ» አሏት።

በሚያዝያ ማንጎ ሲደርስ ሆሞሻ ጠሩን። ፎቶው ቀድሞ የግድግዳ ካላንደር የነበረበት ቦታ ተሰቅሏል። አንድ ቀርከሃ ሊገዛ የመጣ ሰው ቀና ብሎ አየና «የልጁን ፊት ረሱት እንዴ? ማን ነው እንዲህ የሠራው?» አለ።

«የልጄ ሥራ ነው» አሉ አባባ ኡመር። «ፊት አለ። አንተ አላየህም።»

ዐዋጢፍ ጓዳ በር ላይ ማንጎ እየላጠች ነበር። ቢላውን አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ምን አለ?»

ከኔ ይልቅ ለእሳቸው ትቀርብ ነበር፤ ጆሮዋም ደህና ነው። ቢሆንም ነገርኳት። «ሥራ ነው አሉ» አልኳት።