የተመደብንበት ጤና ጣቢያ

የጤና መድን መታወቂያችን በነፃ ያሳክማል፤ ግን በአንድ በር ብቻ ነው። ቀበሌያችን የተመደበበት ጤና ጣቢያ በሽተኛውን አይቶ ሪፈር ካልጻፈ ደብረ ማርቆስ ያለው ሆስፒታል በመድኑ አይቀበለንም። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው እናቴን አያውቃትም።

ጡቷ ላይ እብጠት ማውጣቷን ያወቅሁት ጀርባዋን ሳሻት ነው። ክንዷን ስታነሳ ፊቷ ጭፍግግ አለ። "ምንድን ነው?" ብላት "ምንም" አለችኝ፤ እጄን ስሰድ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘሁ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት "ከዚያ ልጅ ፊት? ሞቼ ነው ቆሜ!" አለች።

ያ ልጅ ጤና መኮንኑ ነው። እናቱ በወሊድ ስትሞት የእኔ እናት እኔን ታጠባ ነበርና እሱንም አንስታ ከእኔ ጋር አሳደገችው፤ የጡት ልጇ ነው። እስከ ዛሬ ጉልበቷን ሳይስም አይቀመጥም። አዋላጅ ነርሷ ከተዛወረች ወዲህ የሚመረምረውም ሪፈር የሚጽፈውም እሱ ብቻ ነው። "ልጅ የጠባውን ጡት ጎልምሶ አያይም" አለችኝ። ይባስ ብላ ለእሱ ትንፍሽ እንዳልል በኪዳነ ምሕረት ገዘተችኝ። በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም።

ከወንዙ ማዶ ሌላ ጤና ጣቢያ አለ። ቆርቆሮው ከደጃችን ይታያል፤ የምትመረምር ሴትም አለችበት። እናቴን ወሰድኳት። ሴትዮዋ ስትዳስሳት ፊቷ ተለወጠ፤ "ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ውሰጃት" አለችኝ በጆሮዬ። ሪፈሩን ጻፊልን ስላት ግን "እናንተ የሌላ ወረዳ ናችሁ፤ የእኔ ወረቀት በመድን አያሳክማችሁም" አለች። በራሳችን ገንዘብ እንዳናሳክማት፣ በሬዎቹን ሸጠን በምን እናርሳለን?

ወደ እሱ ሄድኩ። "እናቴን አሟታል፣ ሪፈር ጻፍላት፤ ምኗን ነው ብለህ ግን አትጠይቀኝ" አልኩት። ደነገጠ። "ሳላያት እንዴት እጽፋለሁ? አምጫት፣ ወረፋም አትጠብቅ" አለኝ። የሚያበሽቀኝ ደግነቱ ነበር፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰድቤው እገላገል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሱ ቤታችን መጣ። "ምንዎን ነው የሚያምዎት፣ እማ?" አላት።

"ጉልበቴን" አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ።

ደህናውን ጉልበት ሲያገላብጥ እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ከንፈሬን እነክስ ነበር። ሲወጣ ሸኘሁትና ከአጥሩ ውጭ እጄን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ። የተገዘተው ምላሴ እንጂ እጄ አይደለም አልኩ ለራሴ። አየኝ፤ ገባው። በማግስቱ ሪፈሩን ላከልን።

ደብረ ማርቆስ ያያት ሐኪም ጎረምሳ ቢጤ ነበር። እናቴ ያለ አንዳች ማመንታት ልብሷን ዝቅ አደረገችለት። ገርሞኝ ባያት "ምን ታፈጭብኛለሽ? ባዕድ አይደል?" አለችኝ። ጡቷን ቆረጡት። ተሽሏት ስንወጣ ሐኪሙ "ቁስሉን በተመደባችሁበት ጤና ጣቢያ ታስጠርጋላችሁ" አለን።

እናቴ ጤና ጣቢያ አልሄድም ብላ ቀረች። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼም አልሆነልኝም። ሰንብቶ የጡት ልጇ ቦርሳውን ይዞ መጣ፤ ግን ከበሩ አላለፈም። ደጅ ካለው መደብ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠና ያዝዘኝ ጀመር። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ጨርቁን ቀስ ብለሽ አንሺ። አነሳሁት።

"ቀልቷል?" አለኝ።

ቀልቷል። አብጧል፤ ይሸታልም። እናቴ አንጓዬን ጨምድዳ ይዛ አፍ አፌን ታየኛለች። ደህና ነው እንድል እየለመነችኝ ነበር። እሷን ፈራሁ፤ ከእሷ ይልቅ ግን ሽታውን ፈራሁ።

"ቀልቷል፤ መግልም ይዟል" አልኩ ጮክ ብዬ።

እሱ አልዞረም። "ላየው ይገባል፣ እማ" አለ።

እናቴ እጄን ለቀቀችኝ። "ይግባ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።