ሳልጠየቅ የተደረገልኝ የጉዞ ዱዓ

በ1972 ዓ.ም. እናቴ እንደምትቆጥረው ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ፊደል የለየሁት በዚያው ሰሞን በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢያነክስ አንባቢ ይቻለኝ። ነገሩ ግን አያነክስም።

ያኔ ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት ጥማድ መሬት ነበረኝ። መስኖ ይደርሰዋል። መሬት በገበሬ ማኅበር እጅ ከገባ ወዲህ ደንቡ አንድ ነው፤ ጥሎ የሄደ ሰው መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። ተመልሶ መጥቶ «የኔ ነበር» ቢል የሚሰማው የለም።

የሚስቴ ወንድም ጅዳ ከገባ ቆይቷል። በዚያ ዓመት አባቱ ሞተውበት ለሐዘን መጣና እኛ ቤት አረፈ። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ወሬው ሁሉ ጅዳ ሆነ።

«ውሃው እቤት ድረስ ነው፤ ትጠመዝዛለህ፣ ይወርዳል። ሥጋ በየቀኑ። ሲሞቅህ ማራገቢያ። አንተ እዚህ በኩራዝ ጭስ ዓይንህን ታጠፋለህ!»

ውሸታም አላልኩትም። ምኑን ብዬ? እኛ ቤት ሥጋ የሚሸተው ለዒድ ነው። ልጄ ስትታመም መርሳ ላይ መድኃኒት የለም ተብለን በቃሬዛ ተሸክመን ወልድያ ድረስ ወስደናታል። እዚያ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው ሲለኝ ልቤ ተነካ፤ ይህን አልክድም።

አንድ ቀን ግን «ፓስፖርትህ የት አለ?» አልኩት።

«ከፊሌ ዘንድ ነዋ። የሚያሠራኝ አረብ። እሱ ሳይፈቅድ ሥራም አትቀይር፣ ከአገርም አትወጣ። አሁንም እሱ ፈቅዶልኝ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ሥጋ የምትበላው ታስረህ ነው በለኛ!»

ሳቀብኝ። «አንተስ ወልድያ ገበያ ስትሄድ ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀት ለምነህ አይደለም? አንተም ከፊል አለህ፤ ያንተው ሥጋ አያበላም እንጂ!»

ሚስቴ በሳቅ ፈረሰች።  

«እውነቱን ነው፤ ሂድ» አለችኝ። «ቆርቆሮ እንኳ እንከድናለን።»

«መሬቱስ?»

«መሬቱ ምን አበላን? እሱ ነው አንተን የበላህ።»

በእኛ አገር ሰው ሩቅ መንገድ ሲወጣ ዱዓ ይደረግለታል። ጎረቤት ይጠራል፣ ጫት ይቀርባል፣ ሼሁ «በሰላም ያግባህ» ይላሉ፣ ሰዉ «አሚን» ይላል። ዱዓ ተደርጎለት የቀረ ሰው የሰውን አሚን ረገጠ ይባላል፤ ትልቅ ነውር ነው። የሚስቴ ወንድም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሐሙስ ቀን እኔ የውሃ ቦይ ስጠርግ ስውል ፍየል አርዶ ሰፈሩን ጠራ። «አማቼ አሰብ ወደብ ለሥራ ሊሄድ ነው» ብሎ ነው የጠራው። አሰብ የሚሄድ ሰው ቀጥሎ ባሕሩን ተሻግሮ ጅዳ እንደሚገባ ለማን ይጠፋል?

ብልጠቱ ግን አንድ ነገር ላይ ከዳው። ዱዓ ላይ ጎረቤት አይዘለልም፤ ሊቀ መንበሩ ደግሞ ጎረቤታችን ነው። እሱንም ጠርቶታል!

ከነጭቃዬ ስገባ ቤቱ ሞልቷል። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ሰዉም «አሚን» እያለ ነው።

«ማን ነው መንገደኛው?» አልኩ።

«አንተ ነሃ!» አሉኝ ሼሁ። ሰዉ ሳቀ።

«አያ፣ አታሳፍረኝ፤ ተቀመጥ» አለ የሚስቴ ወንድም ልብሴን እየጎተተ።

ሊቀ መንበሩ የፍየል አጥንት እንደያዘ ቀና አለ። «አሰብ ነው አሉኝ። ይቅናህ። የመስኖዋን መሬት ነገ ጠዋት መጥተን እንለካታለን፤ ባለቤት የሌለው መሬት አናሳድርም።»

ሚስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ ለበሰ። ሁለት ጥማዱ እንዲህ በአንድ ጉርሻ የሚሄድ አልመሰላትም ነበር።

«ሼሁ» አልኩ፣ «አንቱ ዱዓውን ያዙሩልኝ። በማሳዬ ላይ ያድርጉት።»

«ልጄ፣ አሚን ተብሏል እኮ።»

«የተባለው ለአሰብ መንገደኛ ነው። እዚህ ቤት አሰብ የሚሄድ የለም፤ አላህም ያውቃል።»

ሼሁ ከነጭቃዬ አዩኝና «ወላሂ፣ አንተን ጅዳም አትችልህ» ብለው እንደገና እጃቸውን ዘረጉ። አሚን ያለው ግማሹ ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ አላለም።

«በድህነትህ ኑር!» አለኝ የሚስቴ ወንድም።

«እኖራለሁ! ድህነቴን ካንተ አልተበደርኩም።»

እስከ ዛሬ የቱ አገር ይሻላል እያሉ ይጠይቁኛል። ኑሮው ጅዳ ይሻላል፤ ምን ያከራክራል? ግን የጅዳውን ከፊል በምን አፌ እሰድበዋለሁ? ቋንቋውን አላውቅ፣ ዘሩን አላውቅ። የእኛውን ሊቀ መንበር አብሬው አድጌያለሁ። ወረቀት ሲከለክለኝ ደጁ ቆሜ እጮህበታለሁ፣ ሚስቱ አፍራ ወጥታ ትለምንልኛለች፣ በነጋታው ወረቀቱን ይሰጠኛል። አንዳንዴም አይሰጠኝም። ቢሆንም የምጣላው ሰው ስሜን ያውቃል። ይህን ያህል ልብ የሚያበርድ ማራገቢያ ጅዳ ካለ ያሳዩኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሬዎቼን ጠምጄ ማሳዬ ገባሁ። የእርሻ ወቅት አልነበረም፤ የውሃ ተራዬም ስላልደረሰ አፈሩ ድንጋይ ሆኗል። ሊቀ መንበሩ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣና የመለኪያ ገመዱን ማሳው ላይ ዘረጋ።

«በደረቅ ምን ታርሳለህ፣ አበድክ?» አለኝ።

«መሬት ለአራሹ ያላችሁ እናንተ፤ አራሹ ይኸው!» አልኩና በሬዎቼን በገመዱ ላይ ነዳኋቸው።