ሁሌ የሚሳሳቱት ተማሪዬ

ባለፈው ጳጉሜን ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ ቤት፣ ለዓመታት ያልተነካ ፒያኖ እንድመለከትላቸው ጠርተውኝ ክዳኑን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታው። ይሠራል ወይ ሲሉኝ፣ ሐሳቤ ገርጂ ደርሶ ነበር።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። በታክሲ እየተጋፋሁ ከመገናኛ ገርጂ፣ ከገርጂ ሲኤምሲ እየዞርኩ በየሰው ቤት ልጆችን ፒያኖ አስተምር ነበር። ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ደግሞ ቁጭ ብዬ የዓመቱን ዕቅዴን የመገምገም አመል ነበረኝ። ለሥራዬ ያቀድኩት ተማሪዎቼን መድረክ ላይ ማውጣት፣ ለራሴ ያቀድኩት እንደ ድሮው በየቀኑ መለማመድ ነበር። ግምገማው ሁልጊዜ የሚያበቃው በንዴት ነው። የአንዷ ተማሪ እናት፣ ልጃቸው እኔ ካልመጣሁ ፒያኖውን ዞር ብላ ሳታየው፣ ለምን አትሻሻልም ብለው ይወቅሱኛል። ሌላው ቤት ፒያኖው ላይ የአበባ ማስቀመጫና የሠርግ ፎቶ ተደርድሮበት እሱን ሳወርድ ሳወጣ ሰዓቴ ያልቃል። ልደት ሲደርስ ብቻ ደውለው "አንድ ዘፈን አስይዢልን" የሚሉም ነበሩ።

ከሁሉም ያንገበገቡኝ ግን ገርጂ የሚኖሩት የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የወሎ ሰው። መጀመሪያ የማስተምረው ልጃቸውን ነበር። ለመድረኩ ዋና ተስፋዬ እሷ ነበረች። ፒያኖውን የገዙላት እናቷ ናቸው፤ ውስጡን ብል እንዳይበላው ናፍታሊን የሚከቱበትም እሳቸው። እናትየው ሲሞቱ ልጅቷ ክዳኑን ዘጋችው። ሐሙስ ሐሙስ ስሄድ ከክፍሏ አልወጣም ትላለች። ትምህርቱ ቢቀር ይሻላል ብዬ ለአባትየው ብነግራቸው፣ ወፋፍራም ጣቶቻቸውን ትንሽ አየት አደረጉና "እንግዲያው እኔን አስተምሪኝ" አሉ።

አስተማርኳቸው። የሰጠኋቸው ለሕፃናት የሚሰጠውን፣ ልጃቸው በሳምንት የጨረሰችውን አጭር ዜማ ነው። መሃሉ ላይ ጥቁሩን ቁልፍ መንካት ሲገባቸው ነጩን ይነካሉ። ኖታው ላይ በቀይ አሰመርኩላቸው፣ ጣታቸውን ይዤ አሳየኋቸው፣ ዘፈንኩላቸው። "አብሽሪ ልጄ፣ ይመጣል" ይሉኛል። አልመጣም። በጋው አልፎ ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ፣ መብራት ሄዶ በሻማ፣ እሳቸው እዚያችው ቦታ ላይ ነጩን ይነካሉ። ጥርሴን ነክሼ እወጣለሁ። የዚያን ዓመት ግምገማዬን ስጨርስ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ዕቅዴ እሳቸውን ማሰናበት ሆነ።

ልነግራቸው በሄድኩ ቀን እንደልማዳቸው ጀመሩ፤ እንደልማዳቸውም ተሳሳቱ። ይኼኔ የልጅቷ ክፍል በር ተበርግዶ ተከፈተ።

"አባ፣ ጥቁሩን ነው! ዓመት ሙሉ እኮ ጥቁሩን ነው!"

ትስቅ ታልቅስ አልለየሁም። ክንዳቸውን ገፋ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠችና ያቺን ቦታ ተጫወተችላቸው። ከዚያ አላቆመችም። ዜማውን ጨርሳ ወደ ሌላ፣ ድሮ ለእናቷ ትጫወት ወደነበረው ተሻገረች። ጣቶቿ ደርቀው ነበር፤ ቢሆንም ቀጠለች። አባትየው ቀስ ብለው ተነሡና ጀርባቸውን ሰጥተውን መስኮቱ ጋ ቆሙ።

በር ድረስ ሲሸኙኝ ሆን ብለው ይሳሳቱ እንደነበር ጠየቅኋቸው። "ወላሂ፣ አቅቶኝ ነው" አሉ።

ልጅቷ ትምህርቷን ቀጠለች። መድረክ ግን ፈጽሞ አልፈልግም አለችኝ፤ ዕቅዴ እንደገና ውኃ በላው። እሳቸው ደግሞ ተሰናበቱኝ። ላሰናብታቸው የተነሣሁት እኔ፣ ትንሽ ቢቀጥሉ ምናለበት ብዬ ለመንኳቸው።

"እኔስ ቤቱ ዝም እንዳይል ብዬ ነው" አሉኝ። "አሁን እሷ አለች። አንቺም ትንሽ እረፊ።"

ከዚያ ወዲያ ስሄድ እሳቸው ሱቅ ናቸው። ልጅቷ አንድም ሳትሳሳት ትጫወታለች፤ እኔም ደስ ይለኛል። ብቻ አንዳንዴ የውጭው በር ሲንኳኳ፣ እሳቸው ይሆኑ ብዬ ከኖታው ላይ ቀና እል ነበር።